ሰዓቴና የአከራዬ ቅል

በጃንሆይ ዘመን ጎባ በጸሐፊነት ስቀጠር ኩራቴ ኦቶማቲክ የእጅ ሰዓቴ ነበረች። እጅ ሲወዛወዝ ራሷን ትሞላለች፤ አውልቀው ካስቀመጧት ግን በማግስቱ ትቆማለች። የሸጠልኝ ሰው «በዚህ ብርድ ከቆመች ዘይቷ ይረጋና ትበላሻለች» ብሎ ስላስፈራራኝ ስተኛ እንኳ አላወልቃትም ነበር።

ታይፎይድ ሲጥለኝ እጄን ማንሣት አቃተኝ። ከሕመሜ ይልቅ ስለ ሰዓቷ ስነጫነጭ የሰሙት አሮጊቷ አከራዬ «አምጣት ልጄ» አሉና ወተት በሚንጡበት ቅል አንገት ላይ አሰሯት። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከግድግዳው ወዲያ ቅሉ ሲናጥ እየሰማሁ ተኛሁ። ስድን ሰዓቷ አልቆመችም ነበር።

በሳምንቱ ሮቤ ላለ ሰዓት ሠሪ ይህን ባወራለት ሳቀብኝ። «ወር ብትቆምም ምንም አትሆንም። ወዝወዝ አድርገህ ሰዓቷን ማስተካከል ነው» አለኝ።

በከንቱ መድከማቸውን ለአከራዬ ልነግራቸው፣ ባታለለኝ ሻጭ እየተናደድኩ ተመለስኩ። በር ላይ ያገኘኋትን ልጃቸውን እግረ መንገዴን ቅቤ እንድትሸጥልኝ ጠየቅኳት።

«የምን ቅቤ? ላማችን ከነጠፈች ሦስተኛ ወሯ ነው።»

«ታዲያ ቅሉ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

የሰዓት ሠሪውን ቃል ዋጥ አድርጌ ገባሁና የአከራዬን እጅ ሳምኩ።