ስም አልጠራሁም

የማዘጋጃ ቤቱ ፒካፕ ሞንታርቦውን ጣሪያው ላይ አስሮ ከመናኸሪያው ቁልቁል መንከባለል ሲጀምር ከተማው ጆሮውን ይሰጣል። ድስት የምታማስለው እሳቱን ትቀንሳለች፣ ካርታ የሚጫወቱት ዝም ይላሉ፣ የሚነጫነጭ ሕፃን ካለ ቶሎ ጡት ይጎርሳል። ጋቢና ውስጥ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ማይኩን ከአገጯ ስር አስጠግታ፣ "የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች" የምትለው ሴት ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት የማዘጋጃ ቤቱ ተራ ጠሪ ነበረች። መስኮቱ አጠገብ ቆማ "ቀጣይ!" ስትል ውጭ ጥላ ስር የተቀመጠው ባለጉዳይ ሳይቀር ይሰማታል። ስለዚህ የዕለቱን መግለጫ እየዞረ የሚያነብ ሰው ሲፈለግ ኃላፊው ብዙም አልተጨነቀም። "አንቺ አለሽልን አይደል እንዴ!" አላት፤ በዚያው አለቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ ማይኳ ሆነ።

ሥራውን ወደደችው። ተራ ስትጠራ ሰው የሚጠብቀው የራሱን ቁጥር እንጂ እሷን አልነበረም። አሁን ግን እሷን ይጠብቃል። ችግሩ፣ ሰው ሰምቶ አይረካም።

"አንቺ ማይኳ" አለቻት አንድ ቀን ባለ ሽንኩርቷ፣ ጉልት ላይ እንዳለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "'አንድ ሰው በበሽታው ተይዟል' ትይናለሽ። የት ነው የተያዘው? ከጎኔ ይሁን ከወንዝ ማዶ በምን ልወቀው?"

"እኔ የተሰጠኝን ነው የማነበው።"

"ኧረ ተይኝ እቴ! ሞንታርቦ ተሸክመሽ ትዞሪ ትዞሪና ምንም ሳትነግሪን ትሄጃለሽ። ከዚህስ ሬዲዮው ይሻለኛል፣ ዘፈን አለው።"

ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ግን ነገሩ ሆዷ ገባ። ቢሮ ስትመለስ ለኃላፊው ነገረችው። ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል "ስም እንዳትጠሪ እንጂ ሌላውን ሰው እንዲገባው አድርገሽ አፍታቺው፤ አታውቂበትም እንዴ?" አላት።

በሳምንቱ ከጤና ጣቢያው የመጣውን ወረቀት ስታነብ አንዱ መስመር ላይ ቆመች። በታችኛው ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ ተይዛለች። ይቺ ሴት የማይኳን የሠርግ ልብስ የሰፋች፣ ልጇን በአራስነቷ የታቀፈች ናት። ወረርሽኙ ሲገባ ደግሞ ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉ ማስክ እያደረገች ለሰፈሩ ያለ ዋጋ ያደለች እሷ ናት። ለማይኳ አረንጓዴ ጠርዝ አድርጋ፣ ለልጇም እንደዚያው በትንሹ፣ "እናትና ልጅ መሆናችሁ ይታወቅ" ብላ ሰጥታቸዋለች። ሱቋ ቀኑን ሙሉ ሰው አይጠፋባትም። እዚያ ገብቶ የነበረው ሁሉ ሳይመረመር ዝም ብሎ ቢቀመጥስ? ማይኳ እስክሪብቶዋን አነሳች። ሰውም ይገባዋል፣ ስምም አይጠራም። ጽፋ ስትጨርስ በራሷ ኮራች።

አመሻሽ ላይ ነበር መግለጫው የሚነበበው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ፒካፑ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሾፌሩ እንደልማዱ ቀስ አለ፤ እዚያ ሁልጊዜ ወረፋ ስላለ ሰሚ ይበዛል።

"በታችኛው ሰፈር፣ በወፍጮ ቤቱ አካባቢ፣ በልብስ ስፌት ሥራ የምትተዳደር አንዲት እናት በበሽታው መያዟ ተረጋግጧል። ባለፉት ቀናት ወደ ሱቋ ገብታችሁ የነበራችሁ—"

ወረፋው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞረ። ዞሮ ያየው እሷን አይደለም፤ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለውን ሰማያዊ በር ነው። በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ የነበረች ሴት እሳት እንደነካት ፈንጠር አለች።

በዚያ ከተማ ሰው በስሙ የሚጠራው መታወቂያ ሲያወጣ ብቻ ነው። ባለ ወፍጮው ወፍጮው ነው፣ ሾፌሩ ሾፌሩ፣ ባለ ሽንኩርቷም ባለ ሽንኩርቷ። በታችኛው ሰፈር ልብስ የምትሰፋ ሴት አንድ ናት። የመዝገብ ስሟን ብትጠራው ኖሮ ግማሹ ሰው "ደግሞ ይቺ ማናት?" ይል ነበር። ሥራዋን ስትጠራ ግን በሯ ላይ ጣቷን ቀሰረች። ይህን ያወቀችው እዚያው፣ ዓረፍተ ነገሩ አፏ ውስጥ ሳለ ነው። ቢሆንም አላቆመችም። ወረቀቱ "ይደገም" ይላል፤ ደገመችው።

ቤቷ ገብታ ልጇን እንኳ ሳትስም እጇን ታጠበች። ከዚያ ሁለቱን አረንጓዴ ጠርዝ ማስኮች በእንጨት አንስታ ከሰሉ ላይ ጣለቻቸው።

"የኔን ለምን?" አለች ልጅቷ።

"አርጅቷል።"

ከዚያን ቀን በፊትም በኋላም "የጨርቅ ማስክ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይደረጋል" ብላ ለከተማው የምታነበው እሷ ነበረች። ልጅ ያላት ሴት ስትፈራ ምን እንደምታደርግ ልጅ ያላት ታውቃለች። ሆኖም ጨርቁ እሳት ላይ ሲጨማደድ፣ ማይኳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልብስ ሰፊዋ በለይቶ ማቆያ ሰንብታ ድና ወጣች። በሯን ከፈተች፣ የስፌት መኪናዋን ዘይት ቀባች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተቀመጠች። የመጣ ሰው የለም። ወፍጮ ቤቱ ወረፋውን ወደ መንገዱ ማዶ አዙሮታል። አንዷ ደንበኛ ገና ያልተቆረጠ ጨርቋን ልትወስድ መጥታ፣ በመጥረጊያ እንጨት ጎትታ ወሰደችው። ሕፃናቱ በሯ ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ይዘው መሮጥን ጨዋታ አደረጉት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በዩኒፎርም ሰሞን ሥራ ነው። ይህ ሰሞን እንዲሁ ካለፈ መኪናዋን ሸጣ ሌላ ከተማ ያለች እህቷ ጋ ልትጠጋ እንደሆነ ወሬው ማይኳም ጆሮ ደረሰ።

ኃላፊው ጋ ገባች።

"ጌታዬ፣ ሰፊዋ ድናለች። ዛሬ 'አንድ ሰው አገግሟል' ከምል፣ 'ልብስ ሰፊዋ ድናለች፣ ሥራ ጀምራለች' ልበልላት።"

"አይቻልም። አዲስ መመሪያ መጥቷል። ሰፈር አይጠራም፣ ሥራ አይጠራም፣ ምንም አይጠራም። ቁጥር ብቻ።"

"ስትታመም ጠርተናት የለ?"

"ያኔ መመሪያው አልነበረማ!" አለና ቀና ብሎ አያት። "ደግሞ 'ጠርተናት' አትበይ። እኔ አልጻፍኩትም።"

እውነቱን ነው፤ የጻፈችው እሷ ናት። በዚያን ዕለት ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሾፌሩን "እስቲ ፈጠን በል" አለችው። በማግስቱም እንደዚያው። ሾፌሩ ነገረኛ ቢጤ ነው። "ምነው ማይኳ፣ እዚህ ሰፈር ስንደርስ ድምፅሽ ይሰልላል፤ ባትሪ ይቀየርልሽ እንዴ?" አላት። ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር ግን ቀልዱን ተወ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ጎረቤት በሩን ሳይከፍት፣ የልጇን የዩኒፎርም ጨርቅ በፌስታል ይዛ ወጣች። ሰማያዊው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ወለሉን ትጠርጋለች፤ ከስታለች፣ ቀሚሷን በጎንና በጎኑ ራሷ አጥብባዋለች።

"እትዬ፣ እንደምን አደሩ?"

"ይቺ ድምፅ የት ሄዳ ትጠፋኛለች?" አለች ሴትየዋ ሳትዞር። ቆየት ብላ ዞረች፤ ፌስታሉን አየች፣ ጎዳናውን አየች። "ሰው ሳይነሳ ነው የመጣሽው።"

"ሥራ እገባለሁ ብዬ ነው እንጂ።"

"እሺ። ማስክሽስ? ይኼ ከሱቅ የተገዛ ነው። አረንጓዴ ጠርዝ ያለው የት ደረሰ?"

"እቤት... ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።"

ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ አየቻት። ማይኳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

"አቃጠልሽው?"

"አቃጠልኩት" አለች፣ ተራ ስትጠራ አዳራሽ በሚሞላው በዚያ ድምፅዋ ሳይሆን ለራሷም በማይሰማት።

"የልጅቷንም?"

አንገቷን ደፋች።

"ሌላው ሲያቃጥል አልገረመኝም፤ ሰው ፈሪ ነው። አንቺ ግን ልጄ፣ 'አጥባችሁ አድርጉ' እያልሽ ትዞሪ ነበር። ተኝቼ እንኳ እሰማሽ ነበር እኮ። ለይቶ ማቆያው ድረስ ይሰማል።"

"ስም አልጠራሁም እትዬ፤ እንደዚህ ይሆናል ብዬ—"

"ስሜንማ ብትጠሪው ምን ነበረበት! ማን ያውቀዋል?" ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም።

"ልካስዎት። መመሪያ ይምጣ መመሪያ ይሂድ፣ ዛሬ ማታ በማይኩ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ከሥራ ያባርሩኝ ከፈለጉ።"

"ተይ! በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ ተይኝ!" እጇን አርገበገበች። "በክፉም በደግም በዚያ ነገር አታንሺኝ። በጆሯቸው እስኪበቃቸው ሰምተውኛል። ዩኒፎርም ልታሰፊ ከሆነ የመጣሽው፣ ልጅቷን ይዘሽ በቀን ነይ። ልብስ የሚለካው በብርሃን ነው።"

ፌስታሉን መልሳ አስያዘቻት።

እቤት እናቷ ስትሰማ ጮኸች። "ከተማው የሸሸው ቤት የኔን የልጅ ልጅ ትወስጃለሽ? አንቺ ጤና የለሽም?"

"ድናለች እኮ እማዬ፤ የጤና ጣቢያውን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ።"

"እና ሰው ምን ይላል?"

"የሚለውንማ እኔ ነኝ ያስተማርኩት" አለችና የልጅቷን ጫማ ማሰር ጀመረች።

ቅዳሜ ረፋድ፣ የወፍጮው ወረፋ ጎዳናውን ይዞ በነበረበት ሰዓት፣ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ። ማይኳ ጀግና አልነበረችም። በሩ ጋ ስትደርስ የሰው ዓይን ጀርባዋን ሲወጋት ወፍጮ ቤት የምትሄድ መስላ አለፈች። ልጅቷ እጇን ጎትታ ቆመች።

"እማዬ! የልብስ ሰፊዋን ቤት እኮ አለፍነው!"

ድምፅዋን ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ ወረፋው ሁሉ ሰማ። ማይኳ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ተመለሰችና ገባች።

ልብስ ሰፊዋ አለፍ ማለታቸውን አይታለች፤ ምንም አላለችም። ወንበሩን አውጥታ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ አስቀመጠችውና ልጅቷን ላዩ ላይ አቆመቻት። ትከሻዋን ለካች፣ ክንዷን ለካች፣ "አድገሻል አንቺ ጉደኛ!" አለቻት። ልጅቷ ስለ ጥርሷ መውለቅ ታወራላታለች። ማይኳ በሩ አጠገብ ቆመች፤ የተደገፈችው መግለጫው የተነበበ ዕለት ያቺ ሴት ፈንጠር ብላ የሸሸችውን ግድግዳ ነው።

ወፍጮው ፊቱ በዱቄት እንደነጣ ብቅ አለ። "ማይኳ! ምነው በረፋዱ? አዲስ ነገር አለ እንዴ?" አለ፣ የነገር አጠያየቅ። ሰው ሁሉ መልሱን ጠበቀ።

የምትናገረው ብዙ ነበራት። ከሌሊት ጀምሮ ስታሰናዳው ያደረችው ንግግር ምላሷ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከሜትሯ ቀና ብላ አየቻት።

"የለም" አለች ማይኳ። "የልጄን ዩኒፎርም እያሰፋሁ ነው።"

ሌላ አልጨመረችም። ወፍጮው ትንሽ ቆሞ ገባ። ከወረፋው አንዷ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች፤ ሌላዋ ምራቋን እንትፍ አለች። ሌላዋ ደግሞ እንቅቧን መሬት አስቀምጣ፣ መንገዱን ግን ሳትሻገር፣ "እትዬ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ይደርሳል?" ብላ ጠየቀች።

"የቀደመ ይደርስለታል" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በአፏ መርፌ እንደያዘች።

ሴትየዋ አልመጣችም። "እስቲ አያለሁ" ብላ ወረፋዋ ውስጥ ገባች። ማይኳ ለመሄድ ስትል ልብስ ሰፊዋ ይቅር እንዳለቻት የሚያሳይ ነገር አልነገረቻትም። "ልትሞክረው ሐሙስ ይዘሻት ነይ" ብቻ አለቻት። "በቀን።"

የዚያን ዕለት መግለጫ ቁጥር ብቻ ነበር። ፒካፑ ወደ ታችኛው ሰፈር ሲወርድ ሾፌሩ እንደለመደው ማርሽ ቀይሮ ሊያፈተልክ ሲል ማይኳ ማይኩን በእጇ ሸፈነችው።

"ቀስ በል።"

"እዚህ?"

"እዚህ።"

የመኪናው መስኮት እንደተከፈተ ነው። ሰው ዞረ፤ በዚህኛው ጊዜ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እሷ። መስኮቱን አልዘጋችም፤ ፊቷንም በወረቀቱ አልጋረደችም። እንዲያዩዋት ተወቻቸው፣ ቁጥሩን አነበበች። ስታበቃና ማይኩን ስታወርድ፣ ከሰማያዊው በር ውስጥ የስፌት መኪናው ሲሮጥ ተሰማት። የልጇ ልብስ ነው።