ከማዶ ሆናችሁ በሉ

አባባ፣ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር የዳባት ሰው ባለበት ቆሞ «እግዚኦ!» ሲል እርስዎ ይቆጡ ነበር። «እግዚኦ በሉ፤ ግን ከማዶ ሆናችሁ በሉ!» እያሉ በከዘራዎ እየነዱ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ድንጋያማ ሜዳ ያሻግሩናል። ከቤታችን በላይ ያለው ተዳፋት ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። «ክረምቱን ውኃ ሲጠጣ የከረመ ዋልካ አንዴ ከተነቃነቀ እንደ ሊጥ ነው፤ ሲፈልግ ዛሬ፣ ሲፈልግ ነገ ይሄዳል» ይሉ ነበር። እኛ የልጅ ልጆችዎ ከኋላዎ እንስቃለን፤ ሲሄድ አይተነው አናውቅማ።

በአርባዎ ቀን፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ሳይጨርሱ ዳሱ ተወዛወዘ። ሰው ሁሉ «እግዚኦ!» አለና ቀጥ አለ። ከዳሱ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ጭቃ ውኃ ይወጣል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ለካ የእርስዎን ቁጣ እየጠበቅን ነው።

በመጨረሻ እናቴ ጮኸች፦ «ማንን ትጠብቃላችሁ? ከማዶ ሆናችሁ በሉ እንጂ!»

ወጡንም ጠላውንም ጥለን፣ ቄሶቹን ደግፈን ተሻገርን። ዋልካው ሳይቸኩል ወረደ። ዳሱን አጣጠፈው፤ አጥሩን ገፋው። ከሞቱ ወዲህ ሰው እንዳይቀመጥበት ስንከለክል የሰነበትነው የደጃፉ መደብዎ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እዚያው ተቀመጠበት።