ሰሌን ላይ የተሰጣው ዘር

በሰማንያዎቹ ማብቂያ ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ የአንድ ቪላ ሁለት ክፍል ተከራይታ በምትሠራ የአፈር ላቦራቶሪ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ራይዞቢየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ማርባት ነው። ሌላው ሰው ዶሮ ያረባል፣ እኔ ለዓይን የማይታይ ከብት። ስኳር ያለበት ሾርባ እሠራለታለሁ፤ ጠጥቶ ሲበዛልኝ ከተፈጨ ጥቁር አፈር ጋር አሽቼ በላስቲክ አሽጋለሁ። ከዚያ ጠርሙስ አጥባለሁ። ያጠብኳቸው ጠርሙሶች ቢደረደሩ ሞያሌ ደርሰው ይመለሳሉ። በሠላሳ አምስት ዓመቴ የሰባ ዓመት ሰው ወገብ ነበረኝ።

ባክቴሪያው ራሱ ከእኔ የባሰ ምስኪን ነው። በጋውን ሙሉ በደረቅ አፈር ውስጥ ራቡን ችሎ ይከርማል። ክረምት ገብቶ ባቄላ ሥር ስትሰድ፣ ከሥሯ የሚወጣውን ነገር አሽትቶ በጭራው እየዋኘ ይሄዳል። በሥሯ ላይ ያለች ቀጭን ፀጉር ተጠቅልላ ታስገባዋለች። ውስጥ ገብቶ ሲራባ ሥሯ ኪንታሮት የመሰለ እባጭ ያወጣል። እሷ ስኳር ትቀልበዋለች፣ እሱ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ማዳበሪያ ይሠራላታል። ደግሞ ወገኛ ነው፤ የሽምብራው ባቄላ ቤት ዝር አይልም።

ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ፉሪ፣ ባላቸው ሞተውባቸው ልጆቻቸውን በእርሻ ያሳደጉ፣ ቤታቸው ሻይ የምጠጣ አንዲት እናት ነበሩ። የታችኛውን ማሳ ባቄላ ሊዘሩበት ሲዘጋጁ፣ አፌ አላርፍ አለኝ።

«እማማ፣ ዘንድሮ ማዳበሪያ ይተዉት። እኔ የማመጣልዎት ሠራተኞች ከአየር እየቀዱ ያበሉታል።»

«ደመወዛቸውስ?»

«ስኳር ብቻ።»

«እንዳንተው ናቸዋ!» አሉ፣ ሻዬ ውስጥ የከመርኩትን ስኳር እያዩ።

አመኑኝ። ለዚያ ማሳ የያዙትን ማዳበሪያ ለወንድማቸው ሰጡ። ባቄላው ቢጫ ሆኖ ቢቀር፣ የዓመት ሽሯቸውም የመጪው ዓመት ዘራቸውም በእኔ ምላስ ጠፋ ማለት ነው።

ላስቲኩን በመዝሪያው ቀን ዋዜማ አደረስኩ። ዘሩን በስኳር ውኃ አርሰው ከጥቁሩ ዱቄት ጋር እንዲያሹት፣ ወዲያው እንዲዘሩት ነገርኳቸው። ጥላ ውስጥ ይሁን ማለቱን ግን ስቀልድ ዘነጋሁት።

በማግስቱ ከለቡ ወዲያ ያለውን ጭቃ በእግሬ አቋርጬ፣ ግማሹን ፉሪ በጫማዬ ተሸክሜ ደረስኩ። ዘሩ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ክረምቱን ሙሉ ያልታየች ፀሐይ ያን ቀን አናት ትበሳለች።

«በሬዎቹ ዘገዩብኝ» አሉ እማማ በኩራት። «እርጥብ ዘር እንዳይሻግት ብዬ ከጠዋት ጀምሮ አሰጣሁት። ግሩም አድርጎ ደረቀ!»

እርጥብ ዘር ፀሐይ ማስመታት በእሳቸው ቤት የጠንቃቃ ሰው ወግ ነው። ለእኔ ከብት ግን ፀሐይና ድርቀት ሞት ነው። ከቻይና ሕዝብ የሚበልጥ ነፍስ እዚያ ሰሌን ላይ አልቋል።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ፀሐዩ ነው።»

ሌላ ላስቲክ አልነበረኝም። አዲስ ለማርባት ከሳምንት በላይ ይፈጃል፤ በሬዎቹ ደግሞ ተጠምደዋል። «ይዘሩት» አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ፉሪ ተመላለስኩ። ከጠርሙስ ተርፎ በቀረኝ ጉልበት ጭቃ እያቦካሁ ሄጄ፣ የቅጠሉን መልክ አይቼ እመለሳለሁ። አልገረጣም። በስድስተኛው ሳምንት እማማ ቆመው እያዩ አንዱን ተክል ነቀልኩ። ሥሩ እባጭ በእባጭ ነው። አንዱን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ እንደ ሥጋ ቀልቷል። የማይሠራ እባጭ ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነው፤ የሚሠራው ግን ኦክስጅን እንዳያውከው የሚጠብቅ ደም መሳይ ቀይ ነገር አለው። የዘሩ ዕለት ለማነጻጸር ብለን ያለ ዱቄት ከዘራነው የዳር መስመርም አንድ ነቀልኩ። እሱም ያው!

ገባኝ። ባቄላ ከአያት ጀምሮ በተዘራበት በዚያ አፈር ውስጥ ነባር ራይዞቢየም ነበር። የእኔዎቹ ከፀሐይ ቢተርፉ እንኳ፣ አገሩን የለመዱት ነባሮቹ ሥሩን ቀድመው ይይዙባቸው ነበር።

«ሠራተኞችህ ጎበዞች ናቸው» አሉ እማማ። «ከስንዴ በቀር ዘርቶ የማያውቀው ጎረቤቴም በሚመጣው ዓመት ባቄላ ይዝራ፣ ማዳበሪያውን ይተው እለዋለሁ።»

በጎረቤትየው አፈር ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ዝም ማለት ደከመኝ።

«እማማ፣ እነዚህ የእኔ አይደሉም። የእኔዎቹ ያኔ ሰሌን ላይ ሞተዋል። ጥላ ውስጥ ያድርጉት ማለት ረስቼ ነው። እነዚህ ድሮም እርስዎ መሬት ውስጥ የነበሩ ናቸው።»

ሥሩን ከእጄ ወስደው አገላብጠው አዩት።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን እያወቅህ ነው የከረምከው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ልጄን ፈልገህ መስሎኝ፣ ይሄን ጎባጣ እንዴት ብዬ እመልሰዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ!»

ልስቅ ስል ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

«ማዳበሪያዬን ለወንድሜ ያሰጠኸኝ እኔው ቤት ባሉ ሠራተኞች ነዋ» አሉ። «ለጎረቤቴ አንተው ሄደህ ትነግረዋለህ። እስከዚያው ግን አረሙን እየው። በል፣ ከወዲያ ጫፍ ጀምር።»

ጀመርኩ። ያ ማሳ ቆመው ሲያዩት ትንሽ ነበር። እማማ ከኋላዬ እየተከተሉ ያለፍኩትን አረም ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በስሙ እየጠሩ ያሳዩኛል።