አባቴ «ቲቸር» ያላቸው ሰው

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቼሪ መንገድ ያለው የቀድሞ ጎረቤታችን ቤት ፈረሰ። የቀረው ጓሮው ብቻ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ በ2008 በጋ፣ ሽማግሌው ጎረቤታችን እዚያ ጓሮ ውስጥ «ፒቸር ነበርኩ» አሉን። ቋንቋውን ገና ያልለመደው አባቴ «ቲቸር» ሰምቶ እንደ መምህር እጅ ነሳቸው።

«አባዬ፣ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ማለታቸው ነው። እንጀራቸው ነበር» አልኩት።

«እስቲ አንድ ይወርውሩልኝ በያቸው» አለ እየሳቀ። ዘይት ዘይት የሚሸተውን የሽማግሌውን የኳስ መቅለቢያ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ጓሮው ጫፍ ቆመ።

ተረጎምኩላቸው። ኳሱን አነሱ።

«ወደ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ላልፍ ስል ለኮሪያ ጦርነት ተጠራሁ። ትከሻዬን ተመትቼ ከተመለስኩ ወዲህ ወርውሬ አላውቅም» አሉኝ።

ክንዳቸው ጆሯቸው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም። አባቴ መሳቁን ተወ።

ክንዳቸውን አወረዱ። ወደ አባቴ ሄደው ኳሱን ጓንቱ ውስጥ አስቀመጡና «ቲቸር ይበለኝ» አሉኝ።

አሥራ ስምንት እርምጃ ተራምደዋል፤ ፒቸር ኳሱን የሚወረውርበት ርቀት ያህል።