የጧፍ ሰም ማኅተም

ባለቤቴ የቴክኒክ ሥዕል መምህር ነበር። ትምህርቱ ከክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ሲወጣ እሱም አብሮ ወጣ ማለት ይቻላል፤ አልተባረረም፣ የንብረት ክፍል ቁልፍ ተሰጠው። እኔ በዚያው ግቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ስወጣ በንብረት ክፍሉ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ አየው ነበር። በከተማችን በቀየት ፀሐይ መሞቅ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም፤ ብርዱ ትልቁንም ትንሹንም ግድግዳ ሥር ያስቀምጣል። እሱ ግን የተቀመጠ ሰው አይመስልም ነበር፤ የተቀመጠ ዕቃ ይመስል ነበር። ይህን አንድም ቀን አልነገርኩትም። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

መኪናዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የተሰባሰቡ መምህራን፣ የሬዲዮ ጠጋኞችና መካኒኮች በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪናዎች እየሠሩ በበጋ እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ይወዳደሩ ነበር። አካሉን፣ ጎማውንና ማርሹን እያንዳንዱ እንደ ዕውቀቱ ይሠራል። ሞተሩ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ተዋጥቶ ከአዲስ አበባ ይመጣና በዕጣ ይታደላል። አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ሞተሮች እንኳ አንዱ ብርቱ፣ አንዱ ሰነፍ ይሆናሉና ማንም መርጦ እንዳይወስድ አባቶቻችን መሬት ሲካፈሉ ያደርጉት የነበረውን እናደርጋለን። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የገብስ አገዳ፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ይጠራና ምልክቶቹን እያወጣ በየሞተሩ ላይ ያኖራል። የደረሰህን ትወስዳለህ፤ ማጉረምረም ነውር ነው።

ዕጣው ካለቀ በኋላ ማኅተሙ ይከተላል። ሞተሩ ከኋላው ክዳን አለው። ክዳኑን በጥቂቱ ያዞረ ሰው ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ የሚያስገቡትን የካርቦኖቹን አቀማመጥ ይለውጣል፣ ሞተሩም ከጓደኞቹ ይልቅ ይፈጥናል። ክፋቱ፣ አዙሮ ከተወዳደረ በኋላ ወደ ነበረበት ቢመልሰው ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በዓለም ከተማ ወፍጮ ቤት ያላቸው አዛውንት፣ ክዳኑ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት መስመር ላይ ከጧፍ የቆረጡትን ሰም አቅልጠው ያንጠባጥቡና በቀለበታቸው ይጫኑታል። ሰሙ ካልተነካ ሞተሩ አልተነካም። ጧፍ የቤተ ክርስቲያን ነገር በመሆኑ ይመስለኛል፣ ሰሙን ራሱን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

የእኔ ድርሻ ልኬት ነበር። ከውድድሩ በፊት መኪናዎቹን እመዝናለሁ፣ የማርሾቻቸውን ጥርስ ቆጥሬ አስታውቃለሁ። የባለቤቴን ሰብሳቢው ራሳቸው ይቆጥሩት ነበር፤ እንዲህ እንዲሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። በማርሽ ረገድ ሕጉ ነፃ ነው፤ የሚቆጠረው አንዷ መኪና ስትፈጥን ከማርሿ ይሁን ከሞተሯ እንዲታወቅ ነው። ሞተሩ ላይ ያለችው ማርሽ ትንሽ ከሆነች መኪናዋ ፈጥና ትነሣለች፣ ግን ቶሎ ፍጥነቷ ያልቃል። ትልቅ ከሆነች በረጅም ሜዳ ትበራለች፣ ሞተሩ ግን ከአቅሙ በላይ ይሸከማልና ይግላል። ባለቤቴ ይህችን ሚዛን በመፈለግ እንደገና ሰው ሆነ። ወረቀት ዘርግቶ፣ እርሳስ ቀርጾ፣ የየሜዳውን ቀጥታና መታጠፊያ ይሥል ጀመር። ከራቤልና ከዓለም ከተማ እየደወሉ «ቲቸር፣ ለዚህ ሜዳ ምን ይሻላል?» ይሉት ነበር። ስልኩን ሲያነሣ ድምፁ የቀድሞው የመምህር ድምፅ ይሆናል።

በዓለም ከተማ በተደረገው ውድድር ሜዳው ከለመድነው ሁሉ ረጅም ነበር። ባለቤቴ ከማንም የምትበልጥ ማርሽ ይዞ ቀረበ። ከራቤል የሚመጣ አንድ የብረት በር ሠሪ ነበር፤ ጎበዝ ተወዳዳሪ ነው፣ ምላሱም እንደዚያው። ማርሿን ሲያይ ጮክ ብሎ፦

«ጋሼ፣ ወፍጮዎን ይፈትሹ! ጥርሱን ቲቸር ነቅሎ አምጥቶት እንዳይሆን!» አለ።

ሰብሳቢው ሳቁ። «የእኔ ወፍጮ እንኳን ለመኪና ለገብስም አልሆነ።»

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለው ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ብሎን እያጠበቀ፣ «ከኋላዬ ስትመጣ ጭሱን ትውጣለህ።»

ጭስ የሌላት መኪና ናትና ሁሉም ሳቀ። ጓደኛሞች ነበሩ። ይህን የምጽፈው በኋላ የሆነው ከጠላትነት የመጣ እንዳይመስል ነው።

መኪናዋ በመጀመሪያው ዙር ወደ ኋላ ቀረች፣ ከዚያ ቀጥታው ላይ ሁሉንም አለፈቻቸው፤ እስከ መጨረሻው ማንም አልደረሰባትም። ሰዎች አቅፈው ሳሙት። የወረዳው እንግዳ ረጅም ንግግር አደረጉ። ከንግግሩ በኋላ ሰብሳቢው እንደ ወትሮው የአሸናፊውን ሞተር ገልብጠው አዩት፤ ደጋግመውም አዩት። ሰሙ የለም። በነበረበት ቦታ ቅባት የነካው የሚመስል ወዝ ብቻ ነበር።

«ሰሙስ?» አለ የራቤሉ ሰው። በዚህ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«ቀልጦ ነው» አለ ባለቤቴ። «ማርሿ ከብዳ ሞተሩ ግሏል። ንኩት።»

ነኩት። ንግግሩ ሲያልቅ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር።

«ይህን ያህል ጊዜ ስንነዳ የማን ሰም ቀለጠ? የአንተ ብቻ ቅቤ ሆነ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መካከል ተናገርኩ። አዲስ ሰም ይደረግበት፣ በዚሁ ሜዳ፣ በዚሁ ማርሽ፣ ያንኑ ያህል ይነዳ፤ ከዚያ እናያለን አልኩ። ሰብሳቢው በትሕትና መለሱልኝ፦

«ልጄ፣ አውቶቡሱ እየጠራችሁ ነው፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ። እኛ ቀየት እንመጣለን። በግቢያችሁ፣ በደጃችሁ እናየዋለን። እናንተን ማንገላታት አይገባም።»

ሰውየው ያከበሩን መስሏቸው ነበር። ባህሉም እንደዚያ ነው፤ ነገር ያለበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደህ ትሰማዋለህ። እሱን በማክበር የሚጎዱት መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ግን ንግግሬን ቆረጠው።

በሳምንቱ እሑድ መጡ። ቀየት ያን ጠዋት በጉም ተሸፍና ነበር፤ ከጉሙ በስተኋላ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የትምህርት ቤታችን ሜዳ አጭር ነው። መኪናዋ ሙሉ ፍጥነቷን ሳትይዝ መታጠፍ አለባት፤ በታጠፈች ቁጥር ሞተሩ ያርፋል፣ ብርዱም ሙቀቱን ይነጥቀዋል። ይህን ሁሉ ሳይጀመር አስቀድሜ ተናገርኩ። ዓለም ከተማ ሌላ አየር ነው፣ ሌላ ሜዳ ነው፣ እዚህ የሚታየው ለዚያ አይመሰክርም አልኩ።

«ሳይንሱም እንደ ሰው ብርድ ይፈራል ማለት ነው?» አለ የራቤሉ ሰው ጋቢውን እየሰበሰበ።

የሳቁት ብርዱን ለመርሳት ጭምር ይመስለኛል። ባለቤቴ ነዳ። ጣቶቹ ሪሞቱ ላይ ሲቀሉ አያለሁ። ሲጨርስ ሰብሳቢው ሞተሩን አነሡ፤ ሰሙ ላይ የቀለበታቸው ምልክት ሳይቀር እንደ ታተመ ነበር። እኔ የምናገረውን አስቀድሜ ጨርሼዋለሁ።

ከዚያ የሆነው ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ዓይን ያላየውን፣ ልኬት ያልደረሰበትን ነገር የሚቆርጠው መሐላ ነው። ሰብሳቢው ባለቤቴን እጁን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወሰዱት፤ እኔና ሌሎቹ ተከተልን።

«ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት። 'አልነካሁም' ብለህ በመስቀሉ ማልልኝ። ነገሩ እዚሁ ይቀበራል። ማንም እንዳያነሣው እኔ እገዝታለሁ።»

«አልነካሁም።»

«ማልልኛ።»

«አልምልም፣ ጋሼ።»

«እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

«እውነት ስለሆነ ነው የማልምለው። የሐሰት ቢሆን ኖሮ ምዬ እገላገል ነበር።»

የባለቤቴ ዘመዶች አይምሉም። አያቱ በድንበር ክርክር በእውነት ምለው መሬታቸውን አስመለሱ፤ በዚያው ዓመት ገብሱን በረዶ መታው፣ ሁለት ልጆችም ተከታትለው ተቀበሩ። እኔ በተማርኩት ትምህርት በረዶና መሐላ አይገናኙም። አያቱ ግን በቀሪ ዘመናቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእውነትም በሐሰትም እንዳይምሉ አድርገው ነው፤ ባለቤቴም ያንን ከእናት ጡት ጋር የጠባ ሰው ነው። ስንጋባ እንኳ ከቃል ኪዳኑ በስተቀር አንድ ቃል አልጨመረም። በሌላ በኩል በዚህ አገር አልምልም ማለት አድርጌአለሁ ማለት ነው። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። በአጥሩ ሥር ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሲቆሙ ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲያብሱ አየሁ።

ለአንድ ዓመት ከማኅበሩ ታገደ። በዕጣ የደረሰውም ሞተር ተወሰደ።

ሰላምታ የነፈገው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሰላምታው በዛ። ስልኩ ግን ጸጥ አለ። ለየትኛው ሜዳ ምን ዓይነት ማርሽ እንደሚሻል የሚጠይቀው ጠፋ። ወረቀቶቹን አጣጥፎ ካስቀመጠ በኋላ ተመልሶ ወደ ንብረት ክፍሉ ደጃፍ ወጣ። ደብተር ልትቀበል የመጣች አንዲት ወጣት መምህርት «ይህን ሰውዬ ቲቸር ይሉታል፤ ምን ያስተምር ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ባለቤቴ መሆኑን ሳልነግራት መልሱን ነገርኳት። እኔ በልኬት ሥራዬ ቀጠልኩ። አትሂጂ አላለኝም።

በቀጣዩ በጋ ውድድሩ ራቤል ሆነ። ያለ ደመና፣ ያለ ነፋስ የዋለ ቀን ነበር፤ ሜዳውም ረጅም። ጥርስ ስቆጥር ሁሉም ማርሾቻቸውን እንዳሳደጉ አየሁ። ከዓለም ከተማው ድል በኋላ የባለቤቴን አስተሳሰብ የወሰዱት በየቤታቸው ነው፤ ስለ እሱ የተናገረ ግን የለም። በመካከለኛው ዙር ላይ ሰም ከሞተር ወደ መሬት መንጠባጠብ ጀመረ። ከአንዱ፣ ከሌላው፤ በመጨረሻም ከራቤሉ ሰው መኪና። ሞተሩን አንሥቶ ጣቱን ሰሙ ውስጥ ነከረና እያራገበ፦

«በሉ ጋሼ፣ መስቀሉን ያስመጡ! ዛሬ ተሰልፈን ነው የምንምለው!» አለ።

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢውም ሳቁ። ከአንድ ሱቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ተገዛና ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅተሙ ቀለም እንዲሆን ተወሰነ። ውሳኔው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ሰው ሲበተን ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ ተበድሎ ነበር ብለው በሰው ፊት እንዲናገሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሕጉን አስተካከልን እኮ። ከዚህ በላይ ምን ቃል አለ? የሞተ ነገር ብናነሣ እርስ በርስ እንቀያየማለን። ዓመቱም አልቋል። ይምጣ፣ ተፈቅዶለታል በይው። ናፍቆናል በይው።»

ናፍቆታቸው እውነት ነበር። ያንንም አውቃለሁ።

ማታ የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኩት፤ ስለ ሰሙ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መልእክታቸው። ሲያዳምጥ አልተቆጣም። የትኛዋን ማርሽ እንደ ተጠቀሙ ጠየቀኝ። ቀለሙ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ሊፋቅ ስለሚችል በክዳኑ ግራና ቀኝ ቢደረግ እንደሚሻል ተናገረ። ከዚያ፦

«ተፈቅዶለታል ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«የሚፈቀድለት የበደለ ሰው ነው» አለና ተነሥቶ መብራቱን አጠፋ።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ ሚዛኑንና የጥርስ ቁጥር መዝገቤን ለሰብሳቢው አስረከብኩ። ተደነቁ። የራቤሉ ሰው እንኳ ከልቡ ደንግጦ፦

«እትዬ፣ አንቺ ከሌለሽ ማን ይቆጥርልናል? እርስ በርስ እንዴት እንተማመን?» አለኝ።

«ተማማሉ» አልኩ።

በሕይወቴ በሰው ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የገብሱን አጨዳ እያየሁ ቀየት ገባሁ፤ የምነግረው ነገር ደስ የሚያሰኘው መስሎኝ በንብረት ክፍሉ ደጃፍ ከወንበሩ አጠገብ ቆሜ ነገርኩት።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልተቆጣው ሰው ያን ቀን ተቆጣ። ተነሣና ቁልፎቹን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ለምን?» አለኝ። «ያለ አንቺ እንዳሻቸው ያደርጋሉ። ደካማ ሞተር የደረሰው ሰው አሁን ማንን ይመን?»

ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ እስክትነሣ ድረስ ሁለታችንም እዚያው ቆየን፤ ከዚያ ክፍሉን ቆለፈ።