ከደጅ ድምፅ ስጥ

ወታደሮች የያዙኝ ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ጣቶቼ ላይ ገና የጠመኔ ብናኝ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ ለአንድ ዓመት ሐረር ባዮሎጂ እንዳስተምር ተልኬ፣ ኪሴ ውስጥ መንግሥትን የሚቃወም በራሪ ወረቀት ተገኘና መምህርነቴ በዚያው አበቃ።

የታሰርኩባት ክፍል ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አናት ይበሳል። በትንሿ መስኮት ከከተማዋ በላይ ያለው የሐኪም ጋራ ጫፍ ይታያል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጀጎል ውስጥ መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጥፋታቸው ከጎረቤት ጋር የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥ ነው። አንገታቸው ላይ ፎጣ እንደጠመጠሙ ሰላምታዬን ተቀበሉና የሚሻለውን የወለል ቦታ ለቀቁልኝ።

ፎጣው ሥር ምን እንዳለ ያወቅሁት ግርሻ ሲጥላቸው ነው። ቅማል የሚያመጣው፣ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚያገረሸው ያ በሽታ ገላቸውን ለቀናት አነደደው። ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሳቀዘቅዝ ፎጣው ተንሸራተተና ከጆሮአቸው ሥር የሎሚ ያህል ዕጢ አየሁ። ላዩ ላይ የባህል ሐኪም በጋለ ብረት የተኮሰበት ጠባሳ አለ። ትኩሳቱ በላብ ሲለቃቸው ደግሜ አየሁት፤ ዕጢው አንሷል። ዓይኔን አላመንኩም። እስረኛ መሆኔንም ረሳሁት። ተኝተዋል ብዬ እጄን ዘርግቼ ጫን አደረግሁት።

የእጄን አንጓ ያዙኝ።

"መምህር፣ እኛ ጋ ሰው ቤት እንዲህ አይገባም፤" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "የጀጎል ቤት በሩ ክፍት ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ከደጅ ድምፅ ትሰጣለህ። ግባ ስትባል ትገባለህ።"

ፊቴ ጋለ። ፈቀቅ አልኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"አባቴ፣ ይፈቅዱልኛል?"

"አሁን ግባ፤" አሉና ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ አገኘን። ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዝዤ ዕጢውን ዙሪያውን እለካለሁ፤ በደረሰበት ላይ ቋጠሮ አደርጋለሁ። ማለዳ ማለዳ እሳቸው ይቀድሙኛል፤ "ዛሬስ?" ይላሉ። የአዲሱ ቋጠሮ ልክ ከፊተኛው እያጠረ መጣ። ያሳነሰው ትኩሳቱ ነው? ታዲያ የጋለው ብረት ለምን አላጠፋውም? ብረቱ ከላይ ቆዳ ያቃጥላል፣ ትኩሳቱ ከውስጥ ይመጣል እያልን እንከራከራለን። ጠባቂው ፖለቲካ የምናወራ ይመስለውና በሩን ይደበድባል።

ሳምንት ገደማ ቆይቶ አንድ ከሰዓት ብርድ ብርድ አላቸው። ትኩሳቱ አገርሽቷል። የወህኒው መርፌ ወጊ፣ ድሬሰሩ፣ መድኃኒት ይዞ እየመጣ መሆኑን ጠባቂው ነገረን።

"መርፌው ትኩሳቱን ያጠፋዋል?" አሉኝ ሽማግሌው።

"አዎ፣ አባቴ።"

"ትኩሳቱ ግን ይሄን እየበላልኝ ነው። ባልወጋስ? ወላሂ፣ አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።"

ማየት ፈልጌ ነበር። ክሩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አንድ ትኩሳት ቢጨመር ዕጢው ጨርሶ ይጠፋ ይሆን? በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ አጥብቄ ለማወቅ የጓጓሁት ነገር አልነበረም። ግን የሽማግሌው ጥርስ እየተንገጫገጨ ነው፤ ከጎናችን ካለው ክፍል በዚሁ በሽታ የሞተ ሰው በቃሬዛ ሲወጣ አይተናል።

"ዕጢውን ያሳነሰው ትኩሳቱ ይሁን ሌላ ነገር፣ አላውቅም፤" አልኳቸው። "ትኩሳቱ ሊገድልዎ እንደሚችል ግን አውቃለሁ። ይወጉ።"

ትክ ብለው አዩኝ። "አላውቅም የሚል መምህር አላህ ሰጠኝ። እሺ።"

ድሬሰሩ ገብቶ ሰላም እንኳ ሳይል ክንዳቸውን ጎተተ። እሳቸው መልሰው ነጠቁት።

"ከደጅ ድምፅ ስጥ።"

ጠባቂው ዱላውን ጨበጠ። በትንሽ በትልቁ ሰው የሚመታበት ቤት ነው። ድሬሰሩ ግን የዚያው አገር ልጅ ነበር፤ አፈረ። መርፌውን እንደያዘ ወደ ኋላ ተመልሶ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ።

"አባባ፣ ልግባ?"

"ቢስሚላህ፣ ግባ።" እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ።

ትኩሳቱ ለቀቃቸው። እኔን ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ወህኒ አዛወሩኝ። ዕጢው ተመልሶ ይደግ አይደግ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያንገበግበኛል። ከተፈታሁ በኋላ ዕድሜዬን የፈጀሁት ትኩሳት ዕጢን ያጠፋ እንደሆነ በመጠየቅ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የነቀርሳ ሕዋሳትን ከሰው ገላ ሙቀት ትንሽ ከፍ አድርጌ አሞቃለሁ። አንዳንዶቹ ከጤነኞቹ ቀድመው ይሞታሉ፤ አንዳንዶቹ ሙቀቱን ለምደው ቁጭ ይላሉ። አላውቅም ማለት አሁንም የዘወትር ሥራዬ ነው።

አንድ ነገሬ ተማሪዎቼን ያስቃቸዋል። ሕዋሳቱ ያሉበትን የሙቀት ሣጥን ከመክፈቴ በፊት በጣቴ መታ መታ አደርገዋለሁ። በቀደም አንዷ፣ "ማን ይሰማኛል ብለው ነው፣ ፕሮፌሰር?" አለችኝ። ሣጥኑ ውስጥ የነበሩት ሕዋሳት፣ ሆስፒታል ከተኛች አንዲት እናት የጡት ዕጢ የተወሰዱ ነበሩ።

"ሰው ቤት ነው፤" አልኳትና ከፈትኩት።