በር የተቆለፈባቸው አለቃዬ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ «ማስተርሱ እንዴት ተሳካልሽ?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ቀድሞ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ለማንም በቅጡ ስላላወራሁት ልጽፈው ተነሳሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ችግረኛ ቤተሰቦችን በሚረዳ አንድ ድርጅት በሶሻል ወርከርነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አምና ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች አብረው የሚማሩበት የሶሻል ወርክ ማስተርስ ፕሮግራም ማስታወቂያ አይቼ አመለከትኩ። ሁሉንም አሟልቼ የቀረኝ ሥራዬን በቅርብ የሚያውቅ አለቃ የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የደብዳቤውን ቅጽ ሊንክ በቀጥታ ለአለቃዬ በኢሜይል ይልካል፣ እሳቸው ሞልተው ይመልሳሉ።

ሳላመነታ የቀድሞ አለቃዬን የወይዘሮ የሺመቤትን ስም ሰጠሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። ኋላ ላይ ግን ስልካቸውን ልጃቸው ሰናይት ማንሳት ጀመረች። «ትንሽ አሟታል፣ ተኝታለች» ትለኛለች። እኔም እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ኢሜይሉን ታሳያቸዋለች ብዬ አስቤ ነበር።

ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ደብዳቤው አልገባም፤ ስልኩም አይነሳም። ከሥራ አስፈቅጄ ወጣሁና መገናኛ ታክሲ ቀይሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደረስኩ። ቤታቸው ከዚያም በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ነው።

ግቢ ውስጥ አንዲት ተከራይ ልብስ ታጥባለች።

«እትዬ የሺ አሉ?» አልኳት።

«አሉ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ግን ልጃቸው ስትወጣ ቆልፋባቸው ነው የምትሄደው።»

እውነትም በሩ ላይ ከውጭ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በመስኮቱ ብረት አጮልቄ አየሁ። እትዬ የሺ መሀል ቤት ቆመዋል። የቢሮ ኮታቸውን ለብሰው ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተዋል። ጸጉራቸው አልተበጠረም፤ በባዶ እግራቸው ናቸው።

«መኪናው መጣ?» አሉኝ።

«የቱ መኪና እትዬ?»

«የፊልዱ ነዋ! ላምበረት የምናያት ሴትዮ አለች። አረፈድን እኮ!»

ያኔ ሕመማቸው ምን እንደሆነ ገባኝ። ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ወዲያው ከኋላቸው ጭስ አየሁ። ሻይ ሊያፈሉ ይሁን አላውቅም፣ የፕላስቲክ ጆግ ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጥደው ረስተውታል። ጆጉ ቀልጦ አጠገቡ ያለው መጋረጃ መያያዝ ጀምሯል። እሳቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩም። መኪናውን እየጠበቁ ነው።

«ቆጣሪውን አጥፊው!» ብዬ ጮህኩ። ተከራይዋ ሮጠች። እኔ ድንጋይ አንስቼ ቁልፉን መቀጥቀጥ ያዝኩ። ቁልፉ ንቅንቅ አላለም፤ የተሰካበት ብረት ግን ከነምስማሩ ተነቀለ። መዳፌን ሲቆርጠኝ አልተሰማኝም። ውስጥ ስገባ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ክንዳቸውን ብይዛቸው «ሌባ! ሌባ!» እያሉ በቦርሳቸው ፊቴን መቱኝ። ወገባቸውን ይዤ አንስቼ አወጣኋቸው። እንደ ልጅ ቀለውኛል። ተከራይዋ የልብስ ማጠቢያውን ውኃ መጋረጃው ላይ ደፋችበት።

ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሲስሉ ቆዩ። ከዚያ የሚደማውን እጄን አዩት። ድምፃቸው ተለወጠ። የድሮ ድምፃቸው ነው፣ ለሥራ ሰው ቤት ስንገባ ያወጡት የነበረው።

«ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ» አሉኝ። «ማነው እንዲህ ያደረገሽ? ባልሽ ነው? አይዞሽ። ካልፈለግሽ ዛሬ አትንገሪኝ። ልጆችሽስ በልተዋል?»

ባልም ልጅም የለኝም። «በልተዋል» አልኳቸው። «ጎበዝ» ብለው እጄን ዳበሱኝ። ከዚያ በኋላ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ሰናይት መገናኛ ልብስ መሸጫ ውስጥ ነው የምትሠራው። ተከራይዋ ደውላላት እየሮጠች ደረሰች። እናቷን አገላብጣ አየች፣ እግራቸውን ዳሰሰች፣ ጸጉራቸውን ሳመች። እኔ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። ሰው እንደ ከብት ይቆለፍበታል ወይ ልላት ነበር። አፌን ሳልከፍት የተነቀለውን ብረት አይታ፣

«ነገ በምን ልቆልፍ ነው?» አለች።

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። አንዴ ጠፍተው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሊመሽባቸው ሲል ተገኝተዋል። ሌላ ጊዜ ላምበረት መናኸሪያ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሉ የሚያውቃቸው ሰው መልሷቸዋል። እሳቸውን እንዲጠብቁ ከተቀጠሩት ሠራተኞች አንዷም አልቆየች። ሥራዋን ብትተው ሌላ የሚያኖራቸው የለም።

«አንቺ ሶሻል ወርከር ነሽ አይደል?» አለችኝ። «እኔ ሥራ ውዬ እስክመጣ የሚይዛት ቦታ ካለ ንገሪኝ። በእግሬም ቢሆን አመላልሳታለሁ።»

በማግስቱ የማውቀው ቦታ ሁሉ ደወልኩ። አንዱ «ጧሪ የሌላቸውን ብቻ ነው የምንቀበለው፤ እሳቸው ልጅ አላቸው» አለኝ። ሌላው የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው አንይዝም አለ። ቀን ውለው የሚመለሱበት ቦታ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ለሰናይት ደውዬ የለም አልኳት። «አውቄዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

የድጋፍ ደብዳቤውን በእትዬ የሺ ፈንታ አዲሱ አለቃዬ በመጨረሻው ቀን ሞላልኝ። በቪዲዮ ኢንተርቪው አደረጉኝ፤ ከወራት በኋላም ተቀበሉኝ።

ለትምህርቱ ከአገር ልወጣ ስል ልሰናበታቸው ሄድኩ። በሩ ላይ ሌላ ብረት ተገጥሟል። ምድጃው ከቤት ወጥቷል፤ አንድ ትርፍ ቁልፍም ተከራይዋ ጋ ተቀምጧል። ምድጃውን ያስወጣሁት፣ ትርፍ ቁልፉንም ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ላስተማሩኝ ሴት ያደረግኩላቸው ይኼው ነው።

ሰናይት ረፍዶባታል። «እባክሽ ስትወጪ ቆልፊና ቁልፉን ለተከራይዋ ስጫት» ብላኝ ሮጠች። አብሬያቸው ተቀመጥኩ። አላወቁኝም፣ ግን ደስ ብሏቸው ስለ ብርዱ አወሩኝ። ስነሳ የሹራቤን ጫፍ ያዙኝ።

«አብሬሽ ልሂድ?»

«ዛሬ አይደለም እትዬ» አልኳቸው።

ወጣሁ። ቆለፍኩ። ከውስጥ በስሱ አንኳኩ፤ እንደ እንግዳ፣ እንደሚያፍር ሰው። ቁልፉን ለተከራይዋ ሰጥቼ ዳገቱን ወረድኩ።

አሁን ትምህርቱን ጀምሬያለሁ። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ ደስታዬ ውሸት አይደለም። ግን ያን ቀን ቆልፌባቸው መውጣቴ ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ነገም እዚያ ብሆን መልሼ የምቆልፍባቸው ይመስለኛል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።